ሳትሞት የተነፋላት ጥሩምባ

አንድ በቀብር የታወቀ ዕድር ነበረ። ዕድር ሁሉ ይቀብራል፤ ይኼኛው ግን ቀብርን እንደ ሙያ የያዘ፣ በቀብሩ የሚኮራ ነበር። ድንኳኑ ቀዳዳ የለውም፣ ድስቱ ጥቀርሻ የለውም፣ አግዳሚ ወንበሩ አይወላገድም። ሰው ሞተ ከተባለ ጥሩምባ ነፊው ጫማውን ሳያስር ይሮጣል፤ እሱ ሰፈሩን ዞሮ ሳይጨርስ ድንኳኑ ቆሞ፣ ውሃው ተቀድቶ፣ እንጨቱ ተፈልጦ ይጠብቃል። ከሌላ ሰፈር ለቅሶ የመጡ ሰዎች ሲመለሱ «እነሱ ዘንድ መሞት እንኳ ያምራል» ይሉ ነበር። የሰፈሩ ሰውም ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል። ምን እንደተባለ አስቦበት የጠየቀ አልነበረም። አሟሟታችሁ ያምራል ሲሏችሁ አመስግናችሁ ዝም ትላላችሁ? እነሱ ዝም አሉ።

የዕድሩ ዳኛ ባሻ ይርጋው ይባላሉ። እንደ ድንኳን ምሰሶ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ማንም የማያቋርጣቸው፣ ሲያኮርፉ ሰፈሩ ሁሉ የሚያኮርፍላቸው ሰው ናቸው። ሙሾ የምታወርደው ደግሞ አንጓች ነበረች። አንጓች ሟቹን በዓይኗ አይታው የማታውቅ ብትሆን እንኳ ጀግንነቱንና ደግነቱን እየጠራች የባለ ዕዳውን ዓይን ሳይቀር ታስለቅሳለች። ለቅሶ በሌለበት ቀን ደግሞ በዚያው አፏ ሰዉን በሳቅ ትገድላለች። ማስለቀስም ማሳቅም ከአንድ አፍ ይወጣላት ነበር። አፍ እንዲህ ሲበዛ ጆሮ ሥራ ይፈታል፤ የእሷም ሥራ ፈትቶ ነበር።

አንድ እሑድ የዕድሩ ሰው ሜዳው ላይ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሳለ፣ ሲስተር ምንታምር የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ መጣች። በጀርባዋ አንድ ነገር በነጠላ አዝላለች። ሴቶቹ ልጅ መስሏቸው «እሰይ! መቼ ወለድሽና ነው?» እያሉ ከበቧት። ነጠላውን ፈትታ አወረደችው። ልጅ አይደለም፤ ከወገቡ በላይ ብቻ ያለው የጆንያ ሰው ነው። ጆንያው ውስጥ ገለባ ተጠቅጥቋል፤ ገለባው መሃል፣ ሆዱ ላይ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካን አለ። ከጀሪካኑ አፍ የተነሳ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ቱቦ፣ ደረቱን አልፎ እስከ ራሱ ይወጣል። ራሱ ቅል ነው፤ ቅሉ አፍ ተበስቶለታል። ሲስተር ከቦርሳዋ የተቀቀለ ድንች አውጥታ ቆረሰችና በቅሉ አፍ በኩል ከመነዳሪው ውስጥ ወተፈችው።

«ይኼ ሰውዬ ጉርሻ አንቆታል» አለች። «አይናገርም፣ አያስልም፣ አይተነፍስም። ምን ታደርጉለታላችሁ?»

«እንቀብረዋለና!» አለች አንጓች ከኋላ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሲስተርም ሳቀች፤ የሷ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

«እሱንማ ታውቁበታላችሁ» አለች። «እኔ የመጣሁት ከዚያ በፊት ስላለችው ትንሽ ጊዜ ነው። እስቲ ተነሱ፤ ይኼ በዓይን ብቻ አይያዝም፣ እጅ ነው የሚማረው።»

ውሃ እንዳይሰጡት ነገረቻቸው። አናቱን እንዳይመቱት ነገረቻቸው። ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻና በትከሻው መሃል ጀርባውን በመዳፋችሁ ምቱት፤ እምቢ ካለ ከኋላው ቁሙና እቀፉት አለች። ከዚያ ወዲያ እጅ የት እንደሚያርፍ ልታሳይ «አንድ ሰው ይምጣልኝ» ብላ ጠየቀች። የሚነሳ ጠፋ። የገለባ ሰው አቅፎ መታየት አሳፈራቸው። ሐፍረትን ያለ ቦታው ያወጡት ያን ቀን ነው፤ በኋላ በቦታው ሲመጣ ግን ብዙ ነበር።

በመጨረሻ አንጓች መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ተነሳች።

«እኔ ልቀፈው» አለች። «ባሌ ካለፈ ወዲህ እንዲህ ዝም የሚል ወንድ አላገኘሁም።»

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንጓች ከጆንያው ሰው ኋላ ተንበርክካ ታች፣ ወገቡ አካባቢ ጨመቀችው። ገለባው ተንኮሻኮሸ እንጂ ድንቹ ንቅንቅ አላለም። ሲስተር ጎንበስ ብላ የአንጓችን ሁለት እጆች ያዘች፤ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለቻቸው፤ ለምን ከፍ እንዳደረገቻቸውም መናገር ጀመረች። አንጓች ግን ልክ ያን ጊዜ፣

«ኧረ ሲስተር፣ እንዳትኮረኩሪው፤ ቢስቅ የሰው ባል መሆኑ ይታወቅብኛል!» አለች።

ሳቁ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። የሲስተር ከንፈር ሲንቀሳቀስ ሰዉ አየ፤ ቃሏን ግን የሰማ የለም። አንጓች ራሷ አልሰማችም፤ ሳቂዎቿን ለማየት ፊቷን አዙራ ነበር። ከዚያ ሲስተር «በይ አሁን ወደ ውስጥና ወደ ላይ!» ስትላት ጨመቀች። ጀሪካኑ እፍ አለ። ድንቹ ከቅሉ አፍ ተስፈንጥሮ ወጣና ሄዶ ሄዶ የባሻ ይርጋው ግንባር ላይ ጧ አለ።

አሁን ሳቁ ተቋረጠ። የሚስቅ ሰው ቢኖርም በነጠላው ውስጥ ሆነ።

ባሻ ድንቹን ከጋቢያቸው ላይ በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩት። ተነሱ።

«ስሚ ልጄ» አሉ፤ «ይኼ ዕድር ያልሞተ ሰው ቀብሮ አያውቅም፤ ያልታመመ ሰውም አያክምም። በደህና ቀን፣ በሰንበት፣ ሰው ታነቀ፣ ሰው ወደቀ እያልሽ በአሻንጉሊት ታሟርቺብናለሽ?»

«ሟርት አይደለም ባሻ» አለች ሲስተር። «ድንኳን የምትሰፉት ሰው ሳይሞት አይደል እንዴ? እሱን ማን ሟርት አለው?»

ይኼ መልስ ቤት ቢሆን ኖሮ የሚያስብበት ሰው ያገኝ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ግን ዳኛ አይረታም፤ ቢረታም አያምንም። ባሻ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና «ከዛሬ ጀምሮ ይኼን ጨዋታ ብሎ የሚሰበሰብ የዕድሩ አባል ይቀጣል» ብለው ተቀመጡ።

አንጓች ድንቹ ከማን እጅ እንደተፈናጠረ ታውቃለችና ፈራች። ባሻን ማስከፋት ከለቅሶ ቤት መቀመጫዋ መነሳት ነው። ስለዚህ መልሳ ልታስደስታቸው ፈለገች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ የጆንያውን ሰው መሬት ላይ አጋደመችው፤ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደችለት፦

«ገለባው ጎበዜ፣ ጀሪካን ነው ሆዱ፣
አንድ ድንች ገድሎት ቀረ በመንገዱ።»

ሴቶቹ «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ተቀበሏት። ጥሩምባ ነፊው ባዶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጡሩሩ አለ። ባሻም ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግ አሉ። ታረቁ ማለት ነው። ለሰዉ ይኼ ጥሩ ቀን ነበር።

ሲስተር ምንታምር እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ የጆንያውን ሰው አነሳች፤ ከሆዱ የፈሰሰውን ገለባ በእጇ ሰብስባ መለሰችለት፤ እንደ አመጣጡ በነጠላ አዘለችው። «ከወንዙ ማዶ ነኝ፤ እዚያ የጠሩኝ አሉ» አለችና ሄደች። በሜዳው ላይ ካለው ሰው ሁሉ ደህና ሁኚ ያላት ሰው አልተገኘም። ሰላምታ እንኳ ከባሻ ፊት የሚያስቀጣ መሰላቸው።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። የዕድሩ የዓመት በዓል ደረሰ፤ በሬ ታረደ። ከዋንዛው ሥር ትሪ ተዘረጋ፤ ሰዉ በየመሶቡ ዙሪያ ተቀመጠ። ባሻ ይርጋው ያን ቀን በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። እየዞሩ በእጃቸው ያጎርሱ ነበር። የዳኛ ጉርሻ ክብር ነው፤ ትንሽ ከሆነ ንቀት ይባላል፤ ስለዚህ ባሻ ትንሽ አጉርሰው አያውቁም።

ሚስታቸው ውዳላት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ውዳላት የሰው ሁሉ ወዳጅ፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ የተጣላ ቤት ገብታ ሳትናገር የምታስታርቅ ሴት ናት። ባሻ ጅማት ያለው ሥጋ በእንጀራ ጠቅልለው፣ ጠቅልለው፣ የሕፃን ቡጢ አሳክለው መጡባት።

«ይበቃኛል፣ ጠግቤያለሁ» አለች እጇን በአፏ ላይ አድርጋ።

«በሞቴ!»

«ኧረ ትልቅ ነው ባሻ።»

«በሞቴ አልኩሽ! ሰው እያየን!»

ሰው እያየ ነበር። ውዳላት አፏን ከፈተች። በሞቴ ብለው ማሉ፤ የማሉት በሳቸው ሞት ነው፤ ሥጋው የገባው ግን በሷ ጉሮሮ ነው።

መጀመሪያ ያስተዋለ የለም። ውዳላት ቀና አለች፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ሁለት እጇ ወደ አንገቷ ሄደ።

«ማን ስሟን አነሳው?» አለ አንዱ እየሳቀ። ትን ያላት መስሎት ነው። ትን ያለው ሰው ግን ያስላል። ውዳላት አላሳለችም። ድምፅ የሚባል ነገር ከሷ አልወጣም።

አንዷ አናቷን መታቻት። ሌላዋ በጣሳ ውሃ አመጣችና አፏ ላይ ደፋችባት፤ ውሃው በደረቷ ላይ ፈሰሰ። ባሻ «ዋጪው! ዋጪው!» ይላሉ። የውዳላት ከንፈር እንደ ጥቀርሻ ጠቆረ። ተንበረከከች። ይህ ሁሉ የሆነው ሲስተር ምንታምር አታድርጉ ያለችውን እየተከተለ ነው፤ ሆን ብለው ቢያጠኑት እንኳ እንዲህ አይደርሱበትም ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው «አለቀች!» አለ።

እንግዲህ ይህቺን ቃል ስሙልኝ። ያ ሁሉ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ቆሞ ነበር። «አለቀች» ሲባል ግን ግራ የገባው ሰው አልነበረም። ሁሉም ሥራውን ያውቀዋል። ጥሩምባ ነፊው ጫማውን ሳያስር ሮጠ። ጎረምሶቹ ወደ ዕቃ ቤት ተሯሩጠው ድንኳኑን አወጡ። አንዱ ምሰሶ ያቆማል፣ አንዱ ካስማ ይመታል። ሴቶቹ ከመሶቡ ተነስተው ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። እንዴት ያለ ቅልጥፍና ነው! ውዳላት ተንበርክካ፣ ገና ዓይኗ እየተንከባለለ፣ ጣቶቿ ሣሩን እየቧጠጡ፣ የገዛ ድንኳኗ ካስማ ሲመታ ይሰማት ነበር።

ጥሩምባው ሲነፋ ባሻ መሬት ላይ ተዘርግተው ነበር። «አንጓች!» አሉ ሴቶቹ። «አውርጂ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

አንጓች ነጠላዋን ዘቀዘቀች። አፏን ከፈተች። ውዳላት ጓደኛዋ ናት፤ ክርስትና ያነሳችላት፣ ሲርባት ያበላቻት፣ ባሏ ሲሞት አጠገቧ ያደረች ናት። ስለሷ የሚወርድ ሙሾ ስንት አለ! ከአፏ የወጣው ግን ይኼ ነው፦

«ገለባው ጎበዜ፣ ጀሪካን ነው ሆዱ፣
አንድ ድንች...»

እዚያ ላይ ቀረ። ሴቶቹ ሊቀበሏት የከፈቱትን አፍ እንደከፈቱ ቀሩ። አንጓች በሰው ሁሉ ፊት ያን ሙሾ እንደገና ስታወርድ ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ፤ እግሯ ካለበት ሊሰምጥ መሰላት። ሐፍረት ሰውን ብዙ ጊዜ ያሸሻል፤ እሷን ግን ገፍቶ አስነሳት። ሮጣ ከውዳላት ኋላ ተንበረከከችና ልታቅፋት እጇን ዘረጋች።

ባሻ ከወደቁበት ተነስተው እጇን ያዟት። «አትንኪያት! ሬሳ ነው የምታንገላቺው!»

«ሬሳ ሣር አይቧጭርም! ዞር በል!»

ባሻን አንተ ያላቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ዞር አሉ።

አንጓች አቀፈቻት፤ ታች፣ ወገቧ ላይ ጨመቀች። ምንም የለም። እንደገና ጨመቀች። ምንም የለም። የውዳላት ራስ ወደ ፊት ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ አንጓች አስታወሰች፤ በጆንያው ሰውም መጀመሪያ እዚሁ ነበር የጨመቀችው፤ ሲስተር እጆቿን ይዛ ከፍ አድርጋቸው ነበር። ምን ያህል ከፍ? የት ላይ? ሲስተር ተናግራው ነበር። አንጓች ቃሉን ፈለገችው። ስትቆፍር ያገኘችው የራሷን ቀልድ ነው፤ «እንዳትኮረኩሪው» ያለችውን፣ ከሱም በላይ የሰዉን ሳቅ። ቃሉ ከዚያ ሥር ተቀብሯል። በገዛ አፏ የቀበረችውን ቃል የሰው ነፍስ ታቅፋ ስትፈልግ የነበረችው ሴት ምን እንደተሰማት እናንተው አስቡት።

ቃሉን አላገኘችውም። እጇ ግን ሲስተር ስትይዘው የተሰማውን ጥቂት ያውቅ ነበር። እጇን ጨብጣ ከእምብርት ከፍ፣ ከጎድን አጥንቷ ዝቅ አደረገችው፤ ሌላውን እጇን ደረበችበት፤ እየጮኸች ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳበችው። አልሆነም። ደግማ ሳበችው። ሥጋው ከውዳላት አፍ ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ውዳላት ትንፋሽ ሳበች። ያን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም፤ የተዘጋ በር በጉልበት ሲከፈት ይመስላል። አሳለች፣ አስመለሳት፣ አለቀሰች። ቀስ በቀስ ከንፈሯ መልኩን አገኘ። ከዚያ ቀና ብላ ዙሪያውን አየች። ድንኳኑ በግማሹ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀዋል። ጥሩምባው ከሩቅ፣ ከላይኛው ሰፈር ይሰማል።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች።

ካስማ የያዘው ካስማውን ከኋላው ደበቀ። ነጠላ የዘቀዘቀች ሁሉ ማቃናት ጀመረች። ውዳላት የአንዱን ፊት ከሌላው እያየች ዞረች። ዓይኗ ባሻ ላይ ሲደርስ ባሻ መሬት አዩ።

ያኔ ገባት። «አሃ» አለች በዚያች በማትሰማ ድምፅዋ። «እኔን ነው እንዴ?» ቀጥላም፣ «ለድንኳኔ ይህን ያህል ሰው ሮጠ። ለትንፋሼ ማን ሮጠ?»

ሰው በዱላ ተመትቶ እንዲህ አይጎብጥም።

ቅጣቱ ግን ገና መምጣቱ ነበር። ጥሩምባ አንዴ ከተነፋ አይመለስም። ከየሰፈሩ ሰው ደረቱን እየደቃ፣ «እትዬ ውዳላትን! እናቴን!» እያለ ይጎርፍ ጀመር። ባሻ ይርጋው፣ ያ ምሰሶ የመሰለ ሰው፣ ከሜዳው መግቢያ ላይ ቆመው ለመጣው ሁሉ መንገር ነበረባቸው።

«ተመለሱ... አልሞተችም።»

«ታዲያ ጥሩምባው?»

«ቸኩለን ነው።»

«ምን ሆና ነበር?»

«ጉርሻ አንቋት።»

«ማን ነው ያጎረሳት?»

ይኼ ጥያቄ ሲደርስ ባሻ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «እኔ» ይላሉ። ሌላ ሰው ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አንድ የማዶ ሰፈር ሽማግሌ ሰምተው ሲጨርሱ በመቋሚያቸው ድንኳኑን እያሳዩ፣ «ባሻ፣ ዕድራችሁ ፈጣን ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ሟቹን ቀድማችሁ የምትደርሱ አልመሰለኝም ነበር» አሏቸው።

ከመጡት መሃል ሲስተር ምንታምር ነበረች። ከወንዙ ማዶ፣ ሜዳ ላይ እያስተማረች ሳለች ጥሩምባውን ሰምታ፣ ለውዳላት ለማልቀስ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ የጆንያውን ሰው በጀርባዋ እንዳዘለች ነው የመጣችው። ያባረሯት ሰዎች ሲቀብሩ ልትረዳ መጣች። ባሻ ከሩቅ ሲያዩዋት ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እሷ ግን ነገሩን ስትሰማ አላሳቀቀቻቸውም፤ ቀጥታ ወደ ውዳላት ሄደች፤ ጉሮሮዋን፣ ትንፋሿን፣ ሆዷን አየች።

«ሆድዋ በኃይል ተጨምቋል፤ ለማንኛውም ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ» አለች። ከዚያም «ማነው ያወጣላት?» ብላ ጠየቀች።

«አንጓች! አንጓች ናት!» አሉ ሰዎቹ፤ ከራሳቸው ላይ ዓይን የሚያነሳላቸው ነገር በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው። «እጇ ይባረክ!»

አንጓች እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«አታመስግኑኝ» አለች። «ሲስተር እጄን ይዛ ስትነግረኝ እኔ ሰው ሳስቅ ነበር። ቃልሽን አልሰማሁትም ሲስተር። ዛሬ ቃልሽን ስፈልግ ጓደኛዬ እቅፌ ውስጥ ልታልፍ ነበር። የወጣላት በዕድል ነው። ዕድል ደግሞ ነገ ላይመጣ ይችላል።» ከዚያ እጆቿን ከነጠላዋ አውጥታ ወደ ሲስተር ዘረጋች። «እባክሽ እንደገና ንገሪኝ። አልስቅም።»

ሲስተር ወደ ባሻ ዞረች። እሳቸው ነበሩ የከለከሉት። ባሻ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«የት እናድርገው?» አሉ።

«ድንኳኑማ ተተክሏል» አለች ሲስተር።

ስለዚህ የጆንያውን ሰው ለውዳላት በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ሣሩ ላይ አስቀመጡት። መጀመሪያ የተነሱት ባሻ ናቸው። ከገለባው ሰው ኋላ ተንበረከኩ፤ ቀጥ ያለው ወገባቸው ለመጎንበስ ተቸገረ። አቀፉት። ሲስተር እጃቸውን ይዛ ከእምብርት ከፍ፣ ከጎድን አጥንት ዝቅ አድርጋ አስቀመጠችና ምክንያቱን ነገረቻቸው። እዚያ ታች አንጀት እንጂ አየር እንደሌለ፣ አየሩ ያለው ከላይ በሳንባ ውስጥ እንደሆነ፣ እጅ ከሥሩ ገፍቶ ያን አየር ሲያስነሳው እሱ ራሱ የታነቀውን አውጥቶ እንደሚጥለው። ያን ቀን በሳቅ የሰመጠው ቃል ይኼ ነበር። አንጓች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በልቧ ደገመችው።

ባሻ ጨመቁ። ድንቹ ተስፈንጥሮ ወጥቶ ድንኳኑን መታና ወደቀ።

ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ዕድሩ መቅበሩን አልተወም፤ ሞት አይቀርምና። ግን ደንባቸው ላይ አንድ ነገር ጨመሩ ይባላል፤ ሰው ወደቀ ሲባል ጥሩምባ ነፊው መጀመሪያ የወደቀው ሰው ዘንድ ሄዶ፣ ተንበርክኮ፣ ጆሮውን አፉ ላይ አድርጎ ሳያዳምጥ ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አያወርድም። የጆንያው ሰው ደግሞ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከቃሬዛው አጠገብ ተቀምጧል። አይጥ ጆንያውን ስትበላው ሴቶቹ ይሰፉታል። አንጓች ከሁሉ ይልቅ ስለምታስተምርበት የሆዱ ጀሪካን ቶሎ ቶሎ ይቀደዳል። ስታስተምር ትቀልዳለች፤ አፏ መቼም አይተዋትም። እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ዝም ትላለች፤ ሰዉንም ዝም ታሰኛለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ትናገራለች።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ትምህርቱ ጉርሻ አሳንሱ ብቻ አይደለም፤ እሱንም አሳንሱ። ትምህርቱ ይኼ ነው፦ ሰው ለሞት ያን ያህል ተዘጋጅቶ ለነፍስ ባዶ እጁን ከቆመ፣ ደግነቱ ሁሉ የሚጀምረው ከረፈደ በኋላ ነው። ለቅሶ ላይ መድረስ ቀላል ነው፤ ሟች አይጠይቅም፣ «የት ነበርክ?» አይልም። ውዳላት ግን ከሞት ተመልሳ ጠየቀች፤ የሚመልስላትም አልተገኘም። ሊያስተምራችሁ የመጣውን ሰው፣ የያዘው ነገር ጆንያና ገለባ ስለሆነ ብቻ አትሳቁበት። በሳቃችሁ የምትሸፍኑት ቃል አንድ ቀን የምትወዱት ሰው እቅፋችሁ ውስጥ እያለ የምትፈልጉት ቃል ሊሆን ይችላል።

እናንተ ሰፈርስ? ሰው ሲወድቅ እግራችሁ ቀድሞ የሚሮጠው ወዴት ነው፤ ወደ ወደቀው ሰው ነው ወይስ ወደ ጥሩምባው?